የመርከቡ ሰዎች የት አደሩ?

ባለፈው እትም በኒው ዮርክ ወደብ ስላለችውና የስደተኞች መቀበያ ጣቢያ ስለነበረችው ስለ ኤሊስ ደሴት የሰጠሁት አጭር መልስ ብዙ ደብዳቤ አስከትሏል። ተማሪዎች፣ የእድር አባላት፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ከዓረብ አገር የተመለሱ እኅቶች ጽፈውልኛል። ስለዚህ የዚህን ወር አምድ በሙሉ ብዙ አውሮፓውያን ወደ አሜሪካ ለተሰደዱበት ለዚያ ዘመን ለቅቄዋለሁ። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መምህራችን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ አሜሪካ ከሄዱት አብዛኞቹ ገበሬዎች እንደነበሩ ነግረውናል። አሜሪካ ያን ያህል ሰፊ መሬት ካላት፣ ገበሬዎቹ ለምን ከተማ ቀርተው ፋብሪካ ገቡ? (ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ልጄ፣ መሬቱስ ነበረ። በ1862 የወጣው ሕግ ገብቶ ለሚያለማ ሰው 160 ኤከር መሬት በጥቂት የምዝገባ ክፍያ ብቻ ይሰጥ ነበር። ይሁን እንጂ መሬት ብቻውን አያበላም። እዚያ ለመድረስ የባቡር ዋጋ ያስፈልጋል፤ ከደረሱ በኋላ ደግሞ በሬ ወይም ፈረስ፣ ማረሻ፣ ዘር፣ እስከ መጀመሪያው አዝመራ የሚያቆይ ቀለብ። ከደቡብ ጣሊያን ወይም ከፖላንድ መንደር ተነሥቶ ወደቡ ላይ የወረደ ሰው ይዞት የሚወርደው ገንዘብ ለጥቂት ቀናት እንኳ አስተማማኝ አልነበረም። የመርከብ ቲኬቱም ብዙ ጊዜ በብድር ወይም ቀድሞ በሄደ ዘመድ ገንዘብ የተቆረጠ ነው። ፋብሪካ በሳምንት ይከፍላል። ዕዳ ያለበት ሰው አዝመራ እስኪደርስ መጠበቅ አይችልም።

ከአገራቸው ለምን እንደወጡም ተመልከቺ። ከ1870ዎቹ ጀምሮ በባቡርና በእንፋሎት መርከብ የተጫነ ርካሽ የአሜሪካ ስንዴ የአውሮፓን ገበያ ሲያጥለቀልቀው የእህል ዋጋ ወደቀ፤ ትንሽ ማሳ ያለው ገበሬ መቆሚያ አጣ። በሸራ መርከብ ከአንድ ወር በላይ የሚፈጀው ጉዞ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በታች በመውረዱ፣ ያ ገበሬ በተራው ባሕር መሻገር ቻለ። በሩሲያ ግዛት የነበሩት አይሁዶች ደግሞ ከ1881 ጀምሮ በተከታታይ በተነሣባቸው ጥቃት ምክንያት ቤት ንብረታቸውን ጥለው ወጡ። ከ1880 እስከ 1920 ባሉት ዓመታት ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አሜሪካ ገብተዋል።

እኔ አሁን የምኖርባት ቺካጎ በ1870 ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት፤ በ1900 ግን 1.7 ሚሊዮን ደርሳ ነበር። በ1865 የተከፈተው ታላቁ የከብት ገበያዋና በዙሪያው የተሠሩት ቄራዎች በየማለዳው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ጉልበት ይፈልጉ ነበር። የዚያ ገበያ የድንጋይ በር ዛሬም አለ። በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ቆሜ አየዋለሁ።

አንድ ነገር ግን በማስታወሻሽ ላይ እንድታሰፍሪልኝ እለምንሻለሁ። እነዚያ ሰዎች በወሬ ተነድተው በጭፍን አልሄዱም። የመርከብ ኩባንያዎች በሚሞሉት የተሳፋሪ መዝገብ ላይ ስም፣ ዕድሜና ሙያ ከተጻፈ በኋላ «የምትሄደው ወደ ማን ነው? አድራሻውስ?» የሚል ጥያቄ ነበረ። መልሱም ወንድም፣ አጎት፣ የአገር ልጅ፣ ከዚያም የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ነው። አሜሪካን ብሎ የተነሣ ሰው አሜሪካን በጠቅላላው አያውቃትም፤ የሚያውቀው አንድ ሰውና አንድ ቤት ነው። ያ ሰው የሚሠራው ብረት ፋብሪካ ከሆነ እሱም ብረት ፋብሪካ ይገባል። ለጥያቄሽ ከሁሉ የቀረበው መልስ ይኸው ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ የእድር አባላት ነን። ልጆቻችን «ገንዘብ በስልክ መላክ እየተቻለ ወርሃዊ ስብሰባ ለምን ያስፈልጋል?» ይሉናል። ለመሆኑ ያኔ የመጡት አውሮፓውያን እንደ እድር ያለ ነገር ነበራቸው? (አቶ ተ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አቶ ተ.፣ ነበራቸው። ያለ እሱ ብዙዎቹ አይቋቋሙትም ነበር ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ የት ያድሩ እንደነበር ልንገርዎ። በኒው ዮርክ፣ ሎወር ኢስት ሳይድ በተባለው ሰፈር፣ ኦርቻርድ መንገድ ቁጥር 97 በ1863 የተሠራ የኪራይ ፎቅ አለ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። ልጆችዎን ይዘው ቢሄዱ ደስ ይለኛል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የነበረው ሦስት ጠባብ ክፍል ነው፤ የቀን ብርሃን በቀጥታ የሚያገኘው ግን አንደኛው ብቻ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውኃ የሚቀዳው ከጓሮ ነው፤ መጸዳጃውም እዚያው ነበር። ሴቶች ባልዲ ተሸክመው ፎቅ ይወጣሉ። መስኮት ያለው ክፍል ብዙ ጊዜ ቀን ቀን የስፌት ቤት ሆኖ ይውላል። ለየክፍሉ መስኮት፣ ለሁለት ቤተሰብም ቢያንስ አንድ የቤት ውስጥ መጸዳጃ የግድ የሆነው የ1901 የኪራይ ቤቶች ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። ቤቱ በ1935 ለነዋሪዎች እስኪዘጋ ድረስ ከ20 አገሮች በላይ የመጡ 7,000 ያህል ሰዎች ኖረውበታል።

በፒትስበርግ አካባቢ የብረት ፋብሪካ ሰፈሮች ደግሞ ኑሮው የደባል ኑሮ ነበር። አንድ ስሎቫክ ባለትዳር ቤት ይከራይና የአገሩን ልጆች ያስገባል። ፋብሪካው ቀንና ሌሊት በ12 ሰዓት ፈረቃ ስለሚሠራ፣ የሌሊቱ ሠራተኛ ሲመለስ የቀኑ ሠራተኛ የተነሣበት አልጋ ላይ ይተኛል። ፈረቃ በሚለዋወጥበት እሑድ 24 ሰዓት ያለማቋረጥ የሚሠሩ ነበሩ። ለእነዚህ ሁሉ የምታበስለው፣ የምታጥበው፣ የምታስተኛው የቤቱ እመቤት ነች። የዚያች ሴት ስም በየትኛውም የደመወዝ መዝገብ ላይ የለም፤ የአሜሪካ ብረት ግን በእሷም ጉልበት የተሠራ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው እጁ ቢቆረጥ ወይም ቢሞት ማን ይደርስለታል? ለሠራተኛ ጉዳት ካሣ የሚያስከፍሉ የክፍላተ ሀገር ሕጎች በስፋት የመጡት ከ1911 በኋላ ነው፤ የአገሪቱ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ የወጣው በ1935 ነው። ስለዚህ ራሳቸው ለራሳቸው ደረሱ። ከአንድ የሩሲያ ወይም የፖላንድ ከተማ የመጡ አይሁዶች በዚያችው ከተማ ስም ማኅበር ይመሠርታሉ፤ መዋጮ ይከፍላሉ፤ የታመመ አባል ድጎማ ያገኛል፤ የማኅበሩ ሐኪም ያየዋል፤ የሞተ በማኅበሩ መቃብር ያርፋል። ስሎቫኮች በ1890 በፒትስበርግ ብሔራዊ የስሎቫክ ማኅበርን አቋቋሙ። ፖላንዶች ከዚያ በፊት በ1880 በፊላደልፊያ የጀመሩት ብሔራዊ ኅብረት ነበራቸው። ጣሊያኖችም በየመንደራቸው ጠባቂ ቅዱስ ስም ይሰበሰቡ ነበር። አደረጃጀታቸውን ሳነብ ሊቀመንበሩን፣ ገንዘብ ያዡን፣ በቀብር ላይ ላልተገኘ አባል የሚጣለውን ቅጣት እያየሁ የአዲስ አበባ ሰፈሬን እድር መዝገብ የማገላብጥ ይመስለኝ ነበር።

ምክር የሚሰጣቸውም ነበራቸው። በኒው ዮርክ በይዲሽ፣ ማለትም በምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ፣ ይታተም የነበረው ፎርቨርትስ ጋዜጣ በ1906 የአንባቢዎችን ደብዳቤ እየተቀበለ የሚመልስ አምድ ከፈተ፤ ባሏ ጥሏት የሄደች፣ ከአለቃው የተጣላ፣ እናቱን ማምጣት ያቃተው ሁሉ ይጽፍለት ነበር። ይህንን የእኛን አምድ ሳዘጋጅ ያን አስባለሁ። በቺካጎ ደግሞ ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር በ1889 ሀልስቴድ መንገድ ላይ ሃል ሃውስን ከፍተው ለስደተኞች ልጆች መዋያ፣ የቋንቋ ትምህርት፣ መታጠቢያ ሳይቀር አዘጋጅተዋል። ሁለቱ ሴቶች ከዚያው ሰፈር መኖር መምረጣቸውን በጣም አከብራለሁ።

ለልጆችዎ ጥያቄ ግን የማኅበሮቹን መጨረሻም ልነግርዎ ይገባል። አብዛኞቹ የአይሁድ የከተማ ማኅበሮች ልጆች ስላልገቡባቸው ተዳክመው ጠፉ። በኒው ዮርክ ከተማ፣ በኩዊንስና በብሩክሊን መካነ መቃብሮች ውስጥ የአውሮፓ ከተሞች ስም የተቀረጸባቸው የድንጋይ በሮች ቆመዋል፤ ከብዙዎቹ ማኅበሮች የተረፈው እሱ ነው። ስለዚህ አቶ ተ.፣ ልጆቹን ከመገሠጽ ይልቅ ሥራ ስጧቸው። ቃለ ጉባኤውን በሁለት ቋንቋ የሚጽፍ፣ ሒሳቡን በኮምፒውተር የሚይዝ፣ ሐዘን ቤት ወንበር የሚያደርስ ከእነሱ መካከል ይመረጥ። አባላት አዳዲስ መጤዎችን ሥራና ቤት የሚያገናኙበት ሰዓትም በስብሰባው ላይ ይኑር። ገንዘብ በስልክ ይላካል፤ ሥራ የሚያስገባ ሰው ግን የሚገኘው ከሰው ጋር ሲቀመጡ ነው።

ጥያቄ፦ በኤሊስ ደሴት ጸሐፊዎች የስደተኞችን ስም እንደፈለጉ ይቀይሩ ነበር ይባላል። እውነት ነው? (ወ/ሮ ሰ.፣ ከሲያትል)

መልስ፦ አይደለም፣ ወይዘሮ ሰ.። ስሙ የሚጻፈው ገና መርከቡ ሳይነሣ፣ በሃምቡርግ ወይም በናፖሊ ወደብ ነው። የደሴቲቱ ሠራተኞች ይህንኑ መዝገብ ይዘው ያመሳክሩ ነበር፤ አስተርጓሚዎችም ነበሯቸው። በኋላ የኒው ዮርክ ከንቲባ የሆነው ፊዮሬሎ ላጋርዲያ ከ1907 እስከ 1910 እዚያ አስተርጓሚ ነበር። ስም የቀየሩት ብዙውን ጊዜ ባለቤቶቹ ናቸው፤ ሥራ ሲፈልጉ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲያስገቡ ወይም ዜግነት ሲወስዱ።

ሰዎች በእርግጥ የሚፈሩት ሐኪሙን ነበር። ጣቢያው ከጥር 1 ቀን 1892 እስከ 1954 ሲሠራ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው አስተናግዷል። በአንደኛና በሁለተኛ ማዕረግ የመጡት መርከቡ ላይ ተፈትሸው ያልፋሉ። የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ ግን ሻንጣውን ይዞ ደረጃ ሲወጣ እየታየ፣ ያነከሰ ወይም ያለከለከ ልብሱ ላይ በጠመኔ ፊደል ይጻፍበታል። ትራኮማ ለመፈለግ የዐይን ቆብ ይገለበጣል። ተከልክለው የተመለሱት ከመቶ ሁለት ገደማ ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዲት እናት የተከለከለ ልጇን ይዛ ከመመለስና ከሌሎቹ ጋር ከመግባት አንዱን ስትመርጥ መቶኛው ምንም አያጽናናትም። ሌላው አስጨናቂ ጥያቄ «ሥራ አዘጋጅተሃል?» የሚለው ነበር። የ1885 ሕግ ከውጭ አገር በውል ሠራተኛ ማስመጣትን ስለሚከለክል «አዎ» ያለ ሰው ሊመለስ ይችላል፤ ሠርቶ መኖር እንደሚችል ግን ማሳየት አለበት። ዘመድ በደብዳቤ ቀድሞ ያስጠነቅቅ የነበረው ይህን ነው። እነዚያ የመርከብ መዝገቦች ዛሬ በኢንተርኔት በነፃ ይታያሉ፤ ከልጆችዎ ጋር አንድ ገጽ አንብቡ።

ጥያቄ፦ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። በሥራ ሰዓት አንደኛው በር ይቆለፋል፤ ምክንያቱ ዕቃ እንዳይሰረቅ ነው ይሉናል። ጓደኛዬ በአሜሪካ በዚህ ምክንያት ልጃገረዶች ተቃጥለው እንደሞቱ ነገረችኝ። ምን ነበር የሆነው? (የስፌት ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ ዙሪያ)

መልስ፦ እኅቴ፣ ጓደኛሽ እውነቷን ነው። ቀኑ ቅዳሜ መጋቢት 25 ቀን 1911፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። በኒው ዮርክ ትራያንግል የተባለው የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ በአንድ ሕንፃ 8ኛ፣ 9ኛና 10ኛ ፎቅ ላይ ይሠራ ነበር። እሳቱ የተነሣው ከ8ኛው ነው። 10ኛው ፎቅ ላይ የነበሩት ባለቤቶች በስልክ ተነግሯቸው በጣሪያ በኩል አመለጡ። 9ኛው ፎቅ ላይ ለነበሩት ግን ማንም አልደወለም። ሠራተኞቹ ወደ አንደኛው በር ሲሮጡ ተቆልፎ አገኙት። ሲወጡ ቦርሳቸው እንዲፈተሽ ሲባል በአንድ በር ብቻ የማስወጣት ልማድ ነበረ። የአደጋ ጊዜ መውጫው የብረት ደረጃ ሰው ሲበዛበት ተገንጥሎ ወደቀ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል የሚደርሰው እስከ 6ኛው ፎቅ ነበር። ሁለት የአሳንሰር ሠራተኞች እሳቱ እስኪከለክላቸው እየተመላለሱ ብዙ ሰው አወጡ። 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ጣሊያናውያንና አይሁዳውያን ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ የ14 ዓመት ልጆችም ነበሩባቸው።

እነዚህ ሴቶች ዝም ብለው የኖሩ እንዳይመስልሽ። በኅዳር 1909 ክላራ ለምሊክ የተባለች የ23 ዓመት ስፌት ሠራተኛ በትልቅ ስብሰባ ላይ ተነሥታ በይዲሽ አድማ እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበች፤ ከ20 ሺህ በላይ ሠራተኞች ለሳምንታት ሥራ አቆሙ። ብዙ ፋብሪካዎች ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ተስማሙ፤ ትራያንግል ግን ለማኅበሩ ዕውቅና አልሰጠም። ባለቤቶቹ ራሳቸውም ከሩሲያ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ስለ እሳቱ ፍርድ ቤት ቀርበው በታኅሣሥ 1911 በነፃ ተለቀቁ። በ1914 ክስ ለመሠረቱ ቤተሰቦች ለአንድ ሟች 75 ዶላር ተከፈለ። ይህን ስጽፍ እንኳ ልቤ ይቆስላል።

ነገር ግን ነገሩ በዚያ አላበቃም። በዕለቱ መንገድ ላይ ቆማ ሴቶቹ ከመስኮት ሲወድቁ ያየች ፍራንሲስ ፐርኪንስ የተባለች ሴት ነበረች። የኒው ዮርክ ምክር ቤት ያቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን በየፋብሪካው ሲዞር አብራ ሠራች፤ በ1933 የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች። ከምርመራው በኋላ በወጡት ሕጎች በሥራ ሰዓት በር መቆለፍ ተከለከለ፤ በሮች ወደ ውጭ እንዲከፈቱ፣ የማምለጥ ልምምድ እንዲደረግ፣ በረጃጅም ሕንፃዎች ውኃ የሚረጭ መሣሪያ እንዲገጠም ታዘዘ።

እንግዲህ ወደ አንቺ በር ልመለስ። ብቻሽን አትጠይቂ። ከጓደኞችሽ ጋር ሆናችሁ የትኛው በር፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆለፍ ጻፉ፤ የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በእሱ፣ ከሌላችሁ በጋራ ፊርማ ለሥራ አስኪያጁ አቅርቡ፤ ግልባጩን ለወረዳችሁ የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አስገቡ። ለስርቆት መፍትሔው መውጫ ላይ ፈታሽ ማቆም ነው። ውጤቱን እንድትጽፊልኝ አደራ።

ጥያቄ፦ በዚያ ዘመን ኢትዮጵያውያን መሄድ ይችሉ ነበር? በሩስ መቼ ተዘጋ? (መ.፣ ከጎንደር)

መልስ፦ በሩ በአንድ ቀን አልተዘጋም። በመጀመሪያ በ1882 የቻይና ሠራተኞች ተከለከሉ። በ1917 ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በሚያውቀው ቋንቋ ማንበብ እንዲችል ግዴታ ሆነ። በ1924 የወጣው ሕግ ለእያንዳንዱ አገር በ1890 ቆጠራ መሠረት በአሜሪካ ከነበሩት ተወላጆቹ ሁለት በመቶ ኮታ መደበ። 1890 የተመረጠው ብዙዎቹ ጣሊያኖች፣ አይሁዶችና ፖላንዶች ከመምጣታቸው በፊት ስለነበረ ነው። በ1907 ብቻ ከ285 ሺህ በላይ ሰዎች የላከችው ጣሊያን በዓመት 3,845 ሰው ተፈቀደላት። ኢትዮጵያ የተሰጣት ዝቅተኛው ኮታ ነው፤ በዓመት 100 ሰው። ይህ በአገር የመመደብ ሥርዓት የተሻረው በ1965 ነው። ዛሬ በዋሽንግተንና በሚኒያፖሊስ ያለው የእኛ ማኅበረሰብ የኖረው ከዚያ ለውጥ በኋላ በተከፈቱ መንገዶች ነው።

የአውሮፓ ሠራተኛ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲቋረጥ ፋብሪካዎቹ ወደ አገራቸው ደቡብ ዞሩ። ጥቁር አሜሪካውያን ከሚሲሲፒና ከአላባማ በባቡር ወደ ሰሜን ወጡ። የቺካጎ ጥቁር ሕዝብ በ1910 ከነበረበት 44 ሺህ በ1920 ከ109 ሺህ በላይ ሆነ። የገዛ አገራቸው ዜጎች ሆነው ከመጤዎቹ ሁሉ የባሰ በር ተዘጋባቸው፤ ቤት ከጥቂት ጎዳናዎች ውጪ አይከራዩም ነበር። በሐምሌ 1919 አንድ የ17 ዓመት ጥቁር ልጅ በቺካጎ፣ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር፣ አንድ ነጭ ድንጋይ ወርውሮበት ሰጥሞ ሞተ፤ በዚያ በተቀሰቀሰው ሁከት 38 ሰዎች ሞቱ። በቺካጎ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህን ታሪክ ሳናውቅ በእነዚያ ጎዳናዎች መመላለሳችን ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ከጅዳ ተመልሻለሁ። ቤት አልሠራሁም፣ ገንዘብም ብዙ አላመጣሁም። የሠፈሩ ሰው «ሄዳ ባዶ እጇን መጣች» ይለኛል። እነዚያ የአሜሪካ ስደተኞች ሁሉም ተሳክቶላቸው ቀሩ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አልቀሩም፣ ልጄ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ከገቡት ከሦስቱ አንዱ ያህል ተመልሷል፤ ከጣሊያኖች ደግሞ ግማሽ የሚሆኑት። ብዙዎቹ ከመነሻውም ለመቅረት አልሄዱም። ዕዳ ለመክፈል፣ እኅት ለመዳር፣ ጥማድ መሬት ለመግዛት ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የሚወጡትን መቁጠር የጀመረው በ1908 ነው፤ በ1907 በተነሣው የባንክ ቀውስ ሥራ ጠፍቶ ስለነበር በ1908 ከ782 ሺህ በላይ ሲገቡ ወደ 395 ሺህ የሚጠጉ ወጥተዋል። በደኅና የተመለሰ ነበረ፤ በሳንባ በሽታ ወይም እጁን አጥቶ የተመለሰም ነበረ። የመርከብ ኩባንያዎች ማስታወቂያ ላይ የተሳለው ግን የሰመረለት ብቻ ነው።

ባዶ እጅ ስላሉሽ ነገር ልጠይቅሽ፦ በእነዚያ ዓመታት ለቤተሰብ የላክሽው ገንዘብ ማንን አስተማረ? ማንን አሳከመ? ልክ እንደዚያ የብረት ፋብሪካ ሰፈር እመቤት፣ ያንቺም ድካም የትም አልተመዘገበም። አንቺ ራስሽ በአንድ ደብተር ላይ በዓመት በዓመት ጻፊው፤ የላክሽውን፣ የተማርሽውን ሙያና ቋንቋ ጨምረሽ። ሥራ ስትፈልጊም ይጠቅምሻል። ከፈቀድሽ ስምሽን ሳልጠቅስ ግልባጩን ላኪልኝና በሚቀጥለው እትም ከሌሎች ተመላሾች ደብዳቤ ጋር አወጣዋለሁ።